የአንድ በሬ ዕዳ

ከዚሁ ከሀዋሳ የደረሰኝ ደብዳቤ ስምንት ገጽ ነው። ጸሐፊዋን ያጋልጣል ያልኩትን ትቼ ፍሬ ነገሩን አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። መናኸሪያ አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የዛሬ አምስት ዓመት የነጋዴዎች ዕቁብ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ሳምንት ከሰበሰብኩት ላይ 22,000 ብር አንስቼ ዕቃ ላመጣልኝ ሰው ከፈልኩበት። እስከ እሑድ እተካዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። እሑድ ዳኛውና አባላቱ ሲጠይቁኝ ‹ለልጅቷ ሰጥቼ ልኬያታለሁ› አልኩ። ልጅቷ ሱቄ ውስጥ የምትሠራ፣ ከአለታ ወንዶ ገጠር የመጣች የ17 ዓመት ልጅ ናት። አለቀሰች፣ ማለች፤ ያመናት ግን አልነበረም። ሁለት ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አደረች። አባቷ መጥቶ፣ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ከፈለና ይዟት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አልቆረብኩም። ጾም አልሻርኩም፤ ቁልቢ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ጠበል ተጠምቄያለሁ፣ ተስዬ ጃንጥላ አስገብቻለሁ። ግን ‹አባታችን ሆይ› ብዬ ጀምሬ ‹በደላችንን ይቅር በለን› ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በገብርኤል በር ሳልፍ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ስልኬን አያለሁ። ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ ነገሩን ሳታውቅ ‹ኢየሱስ ሁሉን ከፍሎታል፤ ዝም ብለሽ ተቀበይ› ትለኛለች። የንስሐ አባታችን ባለቤቴንም እናቴንም ስለሚያውቁ እሳቸው ፊት መናገር አልቻልኩም። እግዚአብሔር ፊቱን አዙሮብኛል። መመለሻ አለኝ ወይ? እስከዚያስ ቤተ ክርስቲያን መግባት ይፈቀድልኛል?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው እርሳስ ይዤ ቆጠርኩ። «እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ» የሚለውን ሰባት ቦታ ጽፈሽዋል። ቁልቢው፣ ጠበሉ፣ ጃንጥላው ሁለት ገጽ ይዘዋል። ልጅቷ የተነሣችው በአንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ስሟም ከስምንቱ ገጽ በአንዱ እንኳ የለም። እኔ እንዳላውቃት ብለሽ ይሆናል። ስትጸልዪስ ትጠሪያታለሽ? አምስት ዓመት ሙሉ ከእግዚአብሔር ጋር ለመታረቅ የደከምሽው በልጅቷ ጎን ዞረሽ ለማለፍ ይመስለኛል፤ መንገዱ ደግሞ በእሷ ደጃፍ በኩል ነው።

ስለ ፊቱ ላንሣ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ላይ አዳምና ሔዋን ከበደሉ በኋላ የተሸሸጉት እነሱ ናቸው። እግዚአብሔር እየፈለገ መጣ፤ በመጀመሪያም የጠየቀው «ወዴት ነህ?» ብሎ ነው። ያለበት ጠፍቶት እንዳልነበር አባቶች ሁልጊዜ ያስተምሩናል። አዳም ራሱ «እዚህ ነኝ፣ ይህን አድርጌያለሁ» እንዲል በር ከፈተለት። አዳም ግን ምን አለ? «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት» አለ። መጀመሪያ ከዛፍ ኋላ ተደበቀ፤ ዛፉ አላስጥል ሲለው ከሚስቱ ኋላ ተደበቀ። አንቺም ያቺ እሑድ የሠራሽው ይህንኑ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ፊትሽ አቁመሽ ከኋላዋ ተከለልሽ። እሷ ወደ አገሯ ከሄደች በኋላ መከለያ ስታጪ ነጠላሽን ሳብሽ።

ይህን የምልሽ ልወጋሽ ብዬ አይደለም። የተደበቅሽው አንቺ ከሆንሽ መውጣትም ትችያለሽ ማለቴ ነው። ፊቱን ያዞረው እሱ ቢሆን ኖሮ ማን ያስመልሰው ነበር? አዳም እንኳ ከገነት ሲወጣ ባዶውን አልወጣም፤ «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የሚለውን ቃል ይዞ ወጣ። አባቶቻችን አንዱን ቀን 1,000 ዓመት ብለው የ5,500 ዘመን ተስፋ የሚሉት ይህ ነው።

«ኃጢአት ከእግዚአብሔር ይለያል» ሲባል ሰምተሽ እንደፈራሽ ጽፈሻል። እውነት ነው፣ ይለያል። ቃሉ ያለው ኢሳይያስ ምዕራፍ 59 ላይ ነው፤ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ይዞ ይሸበራል። ምዕራፉ የሚጀምረው የእግዚአብሔር እጅ ከማዳን አላጠረችም፣ ጆሮውም ከመስማት አልደነቆረችም ብሎ ነው። ከዚያ በደላችሁ በእናንተና በአምላካችሁ መካከል ለይታለች ይላል። ቀጥሎ የሚዘረዝረው በደል ምን ይመስልሻል? ሐሰት የተናገረ ከንፈር፣ በእውነት የማይፈርድ ዳኛ፣ በአደባባይ የወደቀች እውነት። ጸሎት ማስታጎልን፣ ጾም መሻርን አይደለም ያነሣው። እህቴ፣ ያ የዕቁባችሁ እሑድ ነው የተጻፈው። ግንቡ የተሠራው ከዚህ ወገን በሐሰት ቃል ነው፤ የሚፈርሰውም ከዚህ ወገን በእውነተኛ ቃል ነው።

ስለዚህ አፍሽ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ መያዙን እኔ እንደ መጥፎ ምልክት አላየውም። የሚቀጥለውን ታውቂዋለሽ፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል ይላል። ቃሉን እንደ ዘፈን ከምታንበለብዪው ሺህ ጊዜ አፍሽ ቢያዝ ይሻላል። ሕሊናሽ ቢሞት ኖሮ አምስት ዓመት አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ አትደነቃቀፊም ነበር። እዚያ ቦታ ላይ የሚያቆምሽ ማን ይመስልሻል?

ከራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከወንድሜ ጋር በወላጆቻችን ቤት ምክንያት ተጣልተን ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ካደረግሁበት ውስጥ አንዱ ከሕግ የማያስጠይቅ፣ በእግዚአብሔር ፊት ግን የሚያስጠይቅ ነበር፤ የእናቴን ቃል አጣምሜ ለሽማግሌዎች ተናገርኩ። በአንዱ ዓመት ስቅለት ስንሰግድ ውለን፣ ማታ እንደ ወጉ በወይራ ቅጠል ለመጠብጠብ ተሰለፍኩ። ጀርባዬ ሁሉ ላብ ነው፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ከፊቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ለቄሱ ሲነግሯቸው ትከሻቸው ሲርገበገብ አየሁ። ተራዬ ደረሰ። «ምን አለብሽ ልጄ?» አሉኝ። «ሐሜት አለብኝ፣ እቆጣለሁ፣ ጸሎት አስታጉላለሁ» አልኳቸው። ቅጠሉ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ 41 ስግደት ጨምሪ ተባልኩ። ሰገድኩ። ቤቴ ስገባ ሰውነቴ ቀልሎታል፤ ልቤ ግን የነበረበት ነው። ትንንሾቹን ኃጢአቶች ቆጥሬ ትልቁን በእነሱ ሸፈንኩት። ኑዛዜውን ራሱን መደበቂያ አደረግሁት። ወንድሜ ቤት የሄድኩት በዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ ያነሣሁት ነገሩን ሳላውቀው የምፈርድብሽ እንዳይመስልሽ ነው።

ንስሐ ሦስት ነገር አለው ብለው ያስተምሩናል፤ ጸጸት፣ ኑዛዜ፣ ቀኖና። ጸጸቱ አለሽ፤ ስምንት ገጽ ሙሉ አለ። ቀኖናውን ለራስሽ ሰጥተሻል፤ ቁልቢ ሄጄ፣ ጠበል ተጠምቄ፣ ጃንጥላ አስገብቼ ብለሽ። መካከለኛውን ዘልለሽዋል። ቀኖና የሚሰጠው የሰማ አባት ነው፤ ያልተነገረውን ማን ይሰማል? ቁልቢም ጠበሉም መልካም ነው፣ እኔም እሄዳለሁ። ታቦቱ ግን ለልጅቷ አባት የሚሆነውን ብር በጃንጥላ አይለውጥልሽም።

የጎረቤትሽን ነገር ቸል ብዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ይህች ሴት ከልቧ ነው የምትመክርሽ፣ መሠረቱንም አልሳተችም። ክርስቶስ ባያስታርቀን ኖሮ አንድ በሬ ቀርቶ የሲዳማ ከብት ሁሉ ቢነዳ ከእግዚአብሔር ጋር አያስታርቀንም ነበር። የእኛም ሊቃውንት በመስቀሉ ሰባቱ መስተጻርራን፣ ማለት እርስ በርስ የተጣሉት፣ ታረቁ ይላሉ፤ እግዚአብሔርና ሰው፣ ሰውና መላእክት፣ ሕዝብና አሕዛብ፣ ነፍስና ሥጋ። እርቁ ተፈጽሟል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች «ከእግዚአብሔር ጋር ታረቁ» እያለ የሚለምነው እርቁ ከወዲያ ወገን ስላለቀ ነው።

ግን ዘኬዎስን ተመልከቺው። ሉቃስ ምዕራፍ 19 ላይ ያለው የቀራጮች አለቃ፣ ቁመቱ አጭር ስለነበር ሾላ ላይ የወጣው። ጌታ ከሥሩ ቆሞ «ፈጥነህ ውረድ፤ ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» አለው። ያን ጊዜ ዘኬዎስ አንዲት ሳንቲም አልመለሰም። ጌታ ቤቴ ይግባልኝ ብሎ አልከፈለም፤ ጌታ ወደ ቤቱ ሊገባ ከጠራው በኋላ ግን እጁ ላይ የሰው ገንዘብ ይዞ መቀመጥ አልቻለም። ካለኝ እኩሌታውን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰድኩበትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የሚለው ቃል ከዚህ በኋላ መጣ። ጎረቤትሽ ስለ መጀመሪያው ትነግርሻለች፤ እኔ ደግሞ ስለ ሁለተኛው እነግርሻለሁ። ታሪኩ አንድ ነው።

አሁን ወደ በሬው።

22,000 ብር ቆጥረሽ በሰው ብትልኪ ዕዳውን የከፈልሽ እንዳይመስልሽ። ያን ጊዜ በሬ የገዛ ገንዘብ ዛሬ በሬ አይገዛም፤ ነጋዴ ነሽ፣ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ሰውየው ያጣው በሬ ነው። ለዚያ አገር ገበሬ ከብት ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እንሰቱ የሚያድገው በፍጉ ነው፤ ቤተሰቡ የሚበላው ቆጮ ከከብቱ በረት ይጀምራል። ልጅ ሲታመም፣ ልጅ ሲዳር፣ ሞት ሲመጣ የሚሸጠው እሱ ነው። ለክፉ ቀን ያኖረውን አንቺ ላመጣሽው ክፉ ቀን ሸጠው። ኦሪት ዘጸአት በሬ ሰርቆ ለሸጠ አምስት በሬ ይከፍላል ትላለች፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ አለ። አንቺ ስንት እንደምትከፍዪ እኔ አልቆርጥልሽም፤ የሰማው አባት ይቆርጡልሻል። ዝቅተኛው ግን በዛሬ ገበያ አንድ ደህና በሬ የሚገዛ፣ የልጅቷ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያለ ሥራ የቀረችበት ጊዜ መሆን አለበት። አንድ ላይ ባይሞላልሽ በየወሩ ይሁን። ሱቁን ማጥበብ ይኖርብሽ ይሆናል።

ከበሬው የሚከብደው ስሟ ነው። ገንዘቡን አባቷ ከፈለ፤ «ሌባ» የሚለውን ስም ማንም አልከፈለላትም። ያ ስም ሀዋሳ ገበያ ውስጥ አሁንም አለ። የዕቁቡ አባል የሆነ ነጋዴ ሁሉ «ከገጠር የመጣች ልጅ አላስገባም፣ እንትና ቤት የሆነውን ሰምተሃል» እያለ አምስት ዓመት ሲያወራው እንደኖረ ጥርጥር የለኝም። ሐሰቱ የተነገረው በሰው ፊት ነው፤ ለንስሐ አባትሽ ብቻ በጆሮ ብትነግሪ ያ ሰው ሁሉ አይሰማም። የሲዳማ ሽማግሌዎች ጉዳይ ይዘው ሲቀመጡ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰምታችኋል ወይ እንደ ማለት ነው። ሁሉ ሳይሰማ ነገር አይቆረጥም። ያቺ ልጅ «አፊኒ» የሚላት ሳታገኝ ነው የተፈረደባት። ስለዚህ የዕቁቡን ዳኛ ጠይቀሽ፣ የቻልሽውን ያህል የዚያን ጊዜ አባላት አሰባስበሽ፣ «ገንዘቡን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ አልነካችውም» ማለት አለብሽ። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ሰበብም አትጨምሪበት፤ «ቸግሮኝ ነበር» ካልሽ ሰው የሚያስታውሰው ችግርሽን ነው።

ቅደም ተከተሉን ብነግርሽ ይረዳሽ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። ቤተሰባችሁን ማወቃቸው ያስፈራሽ ይሆናል፤ የሰሙትን ኑዛዜ ለባልሽም ለእናትሽም ማውጣት ግን ለካህን የተከለከለ ነው። «ምን ይሉኛል» ለሚለው ፍርሃትሽ ደግሞ፣ ካህን ሆኖ ከዚህ የከፋ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ተቀምጠሽ ለመናገር ካቃተሽ ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ ይዘሽ አንብቢላቸው። ስሟን ግን ጨምሪበት። ቀጥሎ ባልሽ ከአንቺ አፍ ይስማ፤ ከገበያ ከሰማው ሁለተኛ ቁስል ነው። እምነት ማጉደልና ሰውን በሐሰት መወንጀል በሕግ የሚያስጠይቅ ስለሆነ አንድ ጠበቃ አማክሪ፤ ይህን የምልሽ ማምለጫ እንድትፈልጊ ሳይሆን ልጆችሽ ሳይዘጋጁ ነገር እንዳይወርድባቸው ነው። ከዚያ አለታ ወንዶ።

እዚያ ስትሄጂ አደራ የምልሽ ነገር አለ፤ ከሁሉ የበለጠ የምጨነቅበትም እሱ ነው። ባህላችን እርቅ ይወዳል፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይቆማል፣ «ስለ ማርያም ብለሽ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይ» ይባላል። ያኔ የተበደለው ሰው እንቢ ካለ እሱ ክፉ ይሆናል። ይህችን ልጅ እንደዚያ አድርገሽ ሁለተኛ ከሕዝብ ፊት አታቁሚያት። ሽማግሌ ብትወስጂ አንድ፣ እሱም አባቷን የሚያከብር፣ እንድትናገሪ የሚረዳሽ እንጂ እሷን የሚጫን አይሁን። አልቅሰሽ እግሯ ላይ ወድቀሽ፣ አንቺን አጽናንታ እንድታነሣሽ አታስገድጃት። በደልሽን ተናገሪ፤ ያመጣሽውን አስረክቢ፤ «ይቅር በይኝ» በይ፤ ከዚያ ዝም በይ። ትጮህብሽ ይሆናል። በር ትዘጋብሽ ይሆናል። አባቷ «ውጪልኝ» ሊልሽ ይችላል። መብታቸው ነው። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ሰውየው እንዲሄድ ነው፤ የወንድምየውን ልብ በእጁ አልሰጠውም። አንቺ በእውነት ከሄድሽና ካልተቀበሉሽ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ያለሽ ነገር በልጅቷ እንቢታ አይታገድም። ቀኖናሽን ፈጽመሽ፣ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው፣ እንደ ሥርዓቱ 18 ሰዓት ጾመሽ ቅዱስ ቁርባን መቀበል የምትችዪበት ቀን ይመጣል። ለእሷ ዕድሜ ልኳን የሚያማት ሊሆን ይችላል። ያንንም ይዘሽ መኖር ይኖርብሻል።

«ለእኔ ዓይነቷ ምሕረት ያለ አይመስለኝም» ብለሻል። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነገር የበላዔ ሰብእን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተሻል? 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጣት ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ ይላል ተአምሯ። ይህ ታሪክ የሚነገረው አንቺ ለተቀመጥሽበት ዓይነት ጨለማ ነው። ሉቃስ 15 ላይ ያለው አባትም ልጁን ያየው ገና ሩቅ ሳለ ነው፤ ሮጦ የሳመው ልጁ ያዘጋጀውን ንግግር ከመጨረሱ በፊት ነው። ልጁ ግን ከእሪያዎቹ መካከል ተነሥቶ መንገድ ጀምሮ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄሽ አጭር መልስ አለው። እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትችያለሽ ወይ? ግቢ። ለመቁረብ መጠበቅ አለብሽ፤ ለመግባት ግን ማንም አልከለከለሽም። ቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሞ ማስቀደስ ለስንቱ ሰው የተሰጠ ቦታ ነው። መዝሙር 50ን፣ «ተሣሀለኒ እግዚኦ» የሚለውን ይዘሽ ቁሚ። ዳዊት የሰው ሚስት ነጥቆ ባሏን ካስገደለ በኋላ የጸለየው ነው። እንደ ጨረስሽ የልጅቷን ስም ጥሪ፤ አባቷንም። አፍሽ ቢያዝም ይያዝ፣ ቆመሽ ጠብቂ።

እኔም ዘወትር በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ። ጠዋት ባጃጁ ሞልቶ፣ ሰው ተጠጋግቶ፣ አደባባዩን ዞሮ በሩ ጋ ሲደርስ ሾፌሩ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ነገ እዚያ ስትደርሺ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ ነጠላሽን ከፊትሽ ግለጪና «ወራጅ አለ» በይ።